ቦናምፓክ፦ ዝናቡ ሸፍኖ ያቆየው ሥዕል

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የታሪክ መምህርት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ተማሪዎቼ ማያዎች ሰላማዊ ኮከብ ቆጣሪዎች ነበሩ ወይስ ሰው የሚሠዉ ጨካኞች ብለው ጠየቁኝ። መልስ ስፈልግ ቦናምፓክ በሚባል ቦታ ያለ የግድግዳ ሥዕል አየሁ። ከጣቱ ደም የሚንጠባጠብ ሰው አለበት። ሥዕሉ በእውነት የጥንት ነው? ከሆነስ ዝናብ በማያባራበት ጫካ ውስጥ እንዴት ሳይጠፋ ቆየ? ምንስ እየነገረን ነው?»

መምህርት፣ እንኳን ጠየቁ። የእኔ ሥራ የግድግዳ ሥዕል ጥገና ነው። ቀኑን ሙሉ ከኖራ፣ ከልስንና ከረገፈ ቀለም ጋር ነው የምውለው። ስለ ቦናምፓክ የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ ዝም ማለት አልችልም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አዎ፣ ሥዕሉ የጥንት ነው። ቦናምፓክ ያለችው በደቡብ ሜክሲኮ፣ በቺያፓስ ግዛት፣ ላካንዶን በሚባለው ጫካ ውስጥ ነው። የጓቲማላ ድንበር ቅርብ ነው። ማያዎች የዚያ አካባቢ ነባር ሕዝብ ናቸው፣ ቦናምፓክም የእነሱ ትንሽ ከተማ ነበረች። ትልቋ ጎረቤቷ ያሽቺላን ኡሱማሲንታ ወንዝ ዳር ነበረች፤ የሁለቱ ቤተ መንግሥቶች ተጋብተዋል፣ አብረውም ዘምተዋል። ቦናምፓክ የሚለው ስም አዲስ ነው። ሲልቬነስ ሞርሊ የሚባል አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት «ባለ ሥዕል ግድግዳ» ለማለት አስቦ ያወጣው ነው። የጥንት ነዋሪዎቿ ኡሲህ ዊትስ ይሏት ነበር። «የጥንብ አንሳ ኮረብታ» ማለት ነው።

ሥዕሎቹ ያሉበት ቤት 16 ሜትር ያህል ይረዝማል። ሦስት ክፍሎች አሉት፣ ሦስቱም በየራሳቸው በር ነው የሚገባባቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው በውስጥ መሻገር አይቻልም። ውስጡን አብዛኛውን ቦታ የያዘው የድንጋይ መደብ ነው። ከመደቡ ጀምሮ እስከ ጣሪያው ጫፍ ድረስ ባዶ የቀረ ግድግዳ የለም። ከ250 በላይ ሰው ተሥሎበታል።

ዕድሜውን ሌላ ሰው አይነግረንም፣ ራሱ ግድግዳው ተጽፎበታል። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ረጅም የጽሑፍ መስመር አለ፤ የሚጀምረውም በቀን ነው። ማያዎች ይህ ዓለም ተፈጠረ ብለው ከሚያምኑበት ቀን ጀምሮ አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። እኛም ዓመተ ዓለም ብለን ከፍጥረት ስለምንቆጥር ሐሳቡ ለተማሪዎችዎ እንግዳ አይሆንም። የእነሱ ቆጠራ ግን በቀን ነው። መነሻው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3114 ነው። በግድግዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር 9፣ 18፣ 0፣ 3፣ 4 ይላል። የመጀመሪያው የ144,000 ቀን ክምር ነው፤ ሁለተኛው የ7,200፣ ሦስተኛው የ360፣ አራተኛው የ20፣ የመጨረሻው ነጠላ ቀን ነው። ተማሪዎችዎ ሰሌዳ ላይ ያባዙትና ይደምሩት። 1,425,664 ቀን ይወጣል። ያ ወደ እኛ ዘመን ሲቀየር 790 ታኅሣሥ ገደማ ላይ ያርፋል። ቤቱ የተመረቀው በማግስቱ ዓመት፣ በ791 እንደሆነም እዚያው ተጽፏል። እኔ አንድ ሥዕል ዕድሜውን በዚህ ደረጃ በራሱ አፍ ሲናገር ያየሁበት ቦታ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ኖራው። ማያዎች የኖራ ድንጋይ አቃጥለው፣ በውሃ አብርደው፣ ግድግዳውን በወፍራሙ ይለስኑ ነበር። ከዛፍ ልጥ የሚወጣ ሙጫም ይጨምሩበት ነበር። ሙጫው ልስኑ ቶሎ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል፣ ለሠዓሊውም ጊዜ ይሰጠዋል። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ሥዕል የተሣለው በጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ነው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው። ጨርቁ ከተላጠ ሥዕሉም አብሮ ይሄዳል። ቦናምፓክ ላይ ግን ቀለሙና ግድግዳው አንድ አካል ናቸው። ኖራው አየር እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ቀለሙን ይዞት ይደርቃል።

ሠዓሊዎቹ መጀመሪያ በቀጭን ቀይ ቀለም ነደፉ። ከዚያ ቀለሙን ሞሉ። በመጨረሻ በጥቁር መስመር ዙሪያውን አወጡት። ያ ጥቁር መስመር ነው ነፍስ የዘራበት። አንድ ጊዜ ብሩሹ ከነካ በኋላ ሳይነሳ ከትከሻ እስከ ክርን ይወርዳል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንዲህ አይሥልም።

ስለ ሰማያዊው ሳልነግርዎ ባልፍ ይቆጨኛል። ዛሬ ባለሙያዎች «የማያ ሰማያዊ» ይሉታል። ኢንዲጎ ከሚባለው ተክል የሚወጣውን ቀለም ፓሊጎርስካይት ከሚባል ነጭ የሸክላ አፈር ጋር አብሮ በማሞቅ የሚሠራ ነው። ኢንዲጎ ብቻውን ሲሆን ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ከዚያ አፈር ጋር ሲሞቅ ግን የቀለሙ ቅንጣት አፈሩ ውስጥ ባሉት እጅግ ጠባብ ቦዮች ገብቶ ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ፀሐይም ሆነ እርጥበት ብዙ አይጎዳውም። አሲድ እንኳ በቀላሉ አያጠፋውም። ይህን ያወቁት ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው፣ እሳትና ትዕግሥት ብቻ ይዘው ነው። ይህ እኔን ሁሌም ያስደንቀኛል።

ግን ጠንካራ ቀለምና ጥሩ ልስን ብቻውን 1,200 ዓመት አያቆይም። ዋናው ነገር ሌላ ነው። ጣሪያው አልፈረሰም፣ ግን ያፈስስ ነበር። የዝናቡ ውሃ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ሲሰርግ ኖራ እያሟሟ ይወርዳል። ግድግዳው ላይ ሲደርስ ውሃው ይተንና ኖራው ይቀራል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቁታል? ልክ እንደዚያ ነው። በየዓመቱ አንድ ስስ ሽፋን፣ በላዩ ሌላ ስስ ሽፋን እየተደረበ ሥዕሉ ላይ ነጭ መጋረጃ ዘረጋበት። መጋረጃው ሥዕሉን ከዓይን ሰወረው፣ ከጥፋትም አዳነው። ዝናቡ ያጠፋዋል ብለው የፈሩት ትክክል ነበሩ፤ እዚህ ግን ዝናቡ ጠባቂ ሆነ።

በ1946 ጃይልስ ሂሊ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ እዚያ ገባ። የጫካው ነዋሪዎች ላካንዶኖች ናቸው መንገዱን ያሳዩት። መጻሕፍት «የተገኘው በ1946 ነው» ሲሉ እባክዎ ለተማሪዎችዎ አንድ ቃል ይጨምሩላቸው። ላካንዶኖች ራሳቸው ማያ ናቸው። ቋንቋቸውም የማያ ቋንቋ ነው። በእነዚያ ፍርስራሾች መካከል ዕጣን እያጤሱ ይጸልዩ ነበር። ለእነሱ የጠፋ ቦታ አልነበረም። ለመንገዱ በሕይወታቸው የከፈሉም ነበሩ። በ1949 በሄደ የሜክሲኮ ጉዞ ላይ ጀልባ ተገልብጦ አሜሪካዊው ካርል ፍሬይና ወጣቱ የቺያፓስ ሠዓሊ ፍራንኮ ላሳሮ ጎሜስ በላካንሃ ወንዝ ሰጥመው ሞተዋል።

ቀጥሎ የመጡት ሥዕሉን የሚገለብጡ ሠዓሊዎች ነበሩ። አንቶኒዮ ቴሄዳና አጉስቲን ቪያግራ በየፊናቸው ሠሩ። ነጩ ሽፋን አላሳይ ሲላቸው ግድግዳውን በነጭ ጋዝ አራሱት። ነጭ ጋዝ የነካው የኖራ ሽፋን ለጊዜው እንደ መስታወት ያሳያል፣ ሥሩ ያለው ቀለም ቦግ ይላል። የሠሩት ቅጂ ዛሬም ትልቅ ዋጋ አለው፤ አንዳንድ ዝርዝር ዛሬ የሚታየው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ግን እኔ ነጭ ጋዙን ባሰብኩ ቁጥር ደረቴ ይጠብቃል። አንድ ግድግዳ ላይ ያፈሰሱትን ነገር መልሰው አያወጡትም። ያንን በራሴ ሥራ አውቀዋለሁ። ገና ጀማሪ እያለሁ አንድ የደበዘዘ ሥዕል በደንብ እንዲታየኝ ብዬ በእርጥብ ጨርቅ ዳበስኩት። ለአምስት ደቂቃ አበራ። ሲደርቅ የጨው ነጠብጣብ ይዞ ወጣ፣ ነጠብጣቡም አልለቀቀም።

ሽፋኑ በጥንቃቄ የተነሣው በ1980ዎቹ ነው። የሜክሲኮ ብሔራዊ የአንትሮፖሎጂና የታሪክ ተቋም ጠጋኞች ናቸው ኖራውን በትንሽ በትንሹ ያነሡት። በ1990ዎቹ ደግሞ በሜሪ ሚለር የተመራ የዬል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ኢንፍራሬድ በሚባለው፣ ዓይን በማያየው ብርሃን ፎቶ አነሣው። ከሰል ያለበት ጥቁር ቀለም ኢንፍራሬዱን ይውጠዋል፣ ሌላው ቀለም ይመልሰዋል። ስለዚህ በዓይን የጠፉ መስመሮች፣ የሰው ስሞች፣ የልብስ ጥለቶች ብቅ አሉ። አንድ ጣት ሳይነኩ ማየት ማለት ይህ ነው።

እሺ፣ ምን ይላል?

በመጀመሪያው ክፍል ሰላም ነው። ነጭ ረጅም ካባ የለበሱ መኳንንት ተሰልፈዋል። አንድ ሰው ትንሽ ልጅ ታቅፎ ወደ እነሱ ያሳያል። ልጁ ወራሽ ነው ተብሎ ይታመናል። በጎን ንጉሣዊው ቤተሰብ ዙፋን ላይ ተቀምጧል፣ ከዙፋኑ አጠገብ የታሰሩ ከረጢቶች አሉ። በአንዱ ላይ ጽሑፍ አለ። ሲነበብ «አምስት ፒ ካካዎ» ይላል። ፒ 8,000 ነው። ስለዚህ 40,000 የካካዎ ፍሬ ማለት ነው። ካካዎ በዚያ አገር መጠጥም ገንዘብም ነበር። ይህን ያህል ግልጽ የግብር ደረሰኝ በቤተ መንግሥት ሥዕል ውስጥ ማግኘት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ እርስዎ የታሪክ ሰው ስለሆኑ ይገባዎታል።

ወረድ ሲሉ ሙዚቃ ነው። ኋላው ሰማያዊ ነው፣ ያ የነገርኩዎ ሰማያዊ። ረጅም መለከት የሚነፉ አሉ። ቆሞ የሚመታ ከበሮ አለ። የኤሊ ድንጋይ በአጋዘን ቀንድ የሚመቱ አሉ። በውስጡ ፍሬ ያለበት ቅል የሚያንኳኩት ሰዎች ተደርድረዋል። እጆቻቸውን ልብ ብለው ይዩ። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እጁ በትንሽ በትንሹ ይቀያየራል። አንድ ሰው ሲያንኳኳ በተከታታይ ፎቶ ያነሡት ይመስላል። መካከል ላይ ሦስት ጨፋሪዎች በጀርባቸው የኬትዛል ወፍ አረንጓዴ ላባ አንጠልጥለዋል። የሸርጣንና የአዞ ጭንብል ያጠለቁም አሉ።

እርስዎ ያዩት ሥዕል ሁለተኛው ክፍል ነው። ሲገቡ ከፊትዎና ከግራ ቀኝዎ ጦርነት ይከብብዎታል። ጦር፣ ጋሻ፣ ነብር የሚመስለው የጃጓር ቆዳ፣ አንዱ ሌላውን ጸጉሩን ይዞ ሲጥል። ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል፤ ለማየት ጊዜ ይፈልጋል። የደሙ ጣት ግን እዚያ አይደለም። እሱ በገቡበት በር በላይ ነው። ገብተው መደቡ ላይ ተቀምጠው ወደ በሩ ካልዞሩ አያዩትም። ሠዓሊው ይህን አስቦ ነው ያደረገው፤ ጌታው መደቡ ላይ ሆኖ በሩን ሲመለከት ድሉን ያያል።

እዚያ ደረጃ ተሥሏል። አናቱ ላይ ያጃው ቻን ሙዋን ቆሟል፣ በ776 የነገሠው የቦናምፓክ ንጉሥ። የጃጓር ቆዳ ለብሶ ጦር ይዟል። ሚስቱም አለች፤ የያሽቺላን ሴት ናት። ከሥሩ እርቃናቸውን የቀሩ ምርኮኞች ተቀምጠዋል። ጣታቸው ይደማል፣ አንዱ የገዛ እጁን እያየ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሞቶ ደረጃው ላይ ተጋድሟል። ከእግሩ አጠገብ የተቆረጠ ጭንቅላት በቅጠል ላይ ተቀምጧል። ከላይ ሰማይ ላይ ከዋክብት አሉ፤ ጀርባዋ ላይ ሦስት ኮከብ ያላት ኤሊ ትታያለች፣ የኦሪዮን ቀበቶ የምንለው ነው።

ያን የሞተ ሰው ደጋግመው ይዩት። ራሱ ወደ ኋላ ወድቋል፣ አንድ እጁ በደረጃው ጠርዝ ተንጠልጥሏል። ሰውነቱን የሠራው አንድ ቀጣይ መስመር ነው። ንጉሡ ደረቱን ነፍቶ እንደ ሐውልት ነው የቆመው፣ ብዙ ጌጥ ጭኗል። ሠዓሊው ያለውን ጥበብ ሁሉ ያፈሰሰው ግን በተሸነፈው ገላ ላይ ነው። ጌታው የከፈለው ለድሉ ነበር። ሠዓሊው ግን የሚሞት ሰው ምን እንደሚመስል ቀርቦ አይቷል ብዬ አምናለሁ። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ከዓመታት እይታ በኋላ የያዝኩት።

ሦስተኛው ክፍል በዓል ነው። ከወገባቸው ግራና ቀኝ ትልልቅ ክንፍ የዘረጉ ጨፋሪዎች የፒራሚድ ደረጃ ሞልተዋል። ጥግ ላይ የቤተ መንግሥት ሴቶች ዙፋን ላይ ተቀምጠው ምላሳቸውን ወግተው ገመድ ያሳልፉበታል። ይህን ሲያዩ የተማሪዎችዎ ፊት ይጨማደድ ይሆናል። ግን ጥያቄያቸው የሚመለሰው እዚህ ነው።

ለብዙ ዓመታት ኤሪክ ቶምፕሰንን የመሰሉ ትልልቅ ምሁራን ማያዎች ካህናት የሚመሯቸው ሰላማዊ ሕዝብ ነበሩ፣ ጽሑፋቸውም ስለ ከዋክብትና ስለ ዘመን ቆጠራ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ቦናምፓክ ሲታይ ያ ሐሳብ ተንገዳገደ። ቶምፕሰን ግን ጦርነቱን ተራ ወረራ ነው ብሎ አሳነሰው። ሥዕሉ ብቻውን አላሸነፈም፤ ማንበብ ያስፈልግ ነበር። በ1952 ዩሪ ክኖሮዞቭ የሚባል የሶቪየት ምሁር ሌኒንግራድ ተቀምጦ የማያ ጽሑፍ ድምፅ እንደሚጽፍ አሳየ። ለእኛ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ለአውሮፓዊ ተማሪ ብዙ ማብራሪያ የሚጠይቀውን እርስዎ «እንደ ፊደላችን ነው» ብለው ይጨርሱታል። አንድ ምልክት ተነባቢውን ከነአናባቢው ይይዛል። «ኩ» እና «ጹ» ተጽፎ «ኩጽ» ይነበባል፣ ቱርክ የሚባለው ዶሮ መሰል ወፍ ነው። «ጹ» እና «ሉ» ተጽፎ «ጹል» ይነበባል፣ ውሻ ነው። አንዷ «ጹ» በሁለቱም ቃል ውስጥ መኖሯ ነው ቁልፉ። በ1960 ደግሞ የማያ ጥናት ምሁሯ ታቲያና ፕሮስኩሪያኮፍ በሐውልቶቹ ላይ ያለው የነገሥታት ልደት፣ ንግሥናና ሞት መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ ወዲህ የቦናምፓክ ሰዎች ስም አገኙ።

ስለዚህ ለተማሪዎችዎ ሁለቱም መልስ አይበቃም ይበሏቸው። ጦርነት ነበረ፣ ምርኮኛ ይሠቃይ ነበር፣ ይህን መሸፈን አይገባም። ግን ያው ቤተሰብ የራሱንም ደም ይሰጣል። ለእነሱ ደም ለአማልክት የሚከፈል ዕዳ ነበር፤ ንግሥቲቱም ከምላሷ ትከፍላለች። ልጁን የሚያቅፉት፣ ካካዎ የሚቆጥሩት፣ ቅል የሚያንኳኩት ሰዎችም እነሱው ናቸው። «ጨካኞች» የሚለው ቃል ሁለተኛውን ክፍል ብቻ አይቶ የወጣ ሰው ቃል ነው።

ለክፍልዎ ምስል ከፈለጉ በሜክሲኮ ሲቲ ብሔራዊ የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም ውስጥ በሪና ላሶ የተሣለ ሙሉ ቅጂ አለ፣ ፎቶው በቀላሉ ይገኛል። አንድ ቀን ራስዎ ከሄዱ ደግሞ ከቤቱ በፊት የሦስቱን በሮች ጉበን ቀና ብለው ይዩ። ብዙ ጎብኚ ሳያየው ነው የሚገባው። በሦስቱም ላይ አንድ ጦረኛ ምርኮኛ ሲይዝ ተቀርጿል። አንዱ ያጃው ቻን ሙዋን ነው፣ አንዱ የያሽቺላኑ ንጉሥ ነው፣ አንዱ የያጃው ቻን ሙዋን አባት ነው። ውስጥ ሲገቡ ፍላሽ አያብሩ፣ ግድግዳውን አይደገፉ። የሰው ትንፋሽ ራሱ እርጥበት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። በማያ ቋንቋ መጻፍና መሣል አንድ ቃል ነው፣ «ጺብ»። ሠዓሊው ሰውየውን ይሥላል፣ አጠገቡ ትንሽ ሣጥን ያሰምራል፣ ሣጥኑ ውስጥ ስሙን ይጽፋል። ቦናምፓክ ላይ ግን ሣጥናቸው የተሰመረ፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ብዙ ሰዎች አሉ። ሥራው አላለቀም። ጎረቤቷ ያሽቺላን ላይ የመጨረሻው የተጻፈ ቀን 808 ነው፤ ከዚያ በኋላ አካባቢው ዝም ይላል። ካባው ተሥሏል፣ ላባው ተሥሏል፣ የጆሮ ጌጡ ሳይቀር ተሥሏል። ስም የሚጻፍበት ሣጥን እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ለተማሪዎችዎ መጀመሪያ እሱን ያሳዩአቸው።